ስሙን ጥሩት

ባምባሲ ውስጥ የወለደች ሴትን በገዛ ስሟ የሚጠራ ሰው ቢገኝ፣ ወይ የቀበሌ ጸሐፊ ነው፣ ወይ ጠብ ፈልጎ የመጣ ነው። ከወለጋ መጥተው በዚያች የመንገድ ዳር ከተማ ቤት የሠሩ ሰዎች ወጋቸው እንዲህ ነው። የበኩር ልጅ ተወልዶ የአራስ ገንፎ የተበላ ዕለት የእናትየው ስም ተከድኖ ይቀመጥና በልጇ ስም መጠራት ትጀምራለች። ሰንበቴም ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ባሏ ዱሬሳ ከመጽሐፍ ቅዱስ ፈልጎ ቦዔዝ ሲለው፣ ገንፎውን የከበቡት ሴቶች ማንኪያቸውን ሳያስቀምጡ “ሀዳ ቦዔዝ” አሏት። የቦዔዝ እናት ማለት ነው። ዱሬሳም በዚያው ቀን አባ ቦዔዝ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ሴቷ ልጅ ጋዲሴ ተወለደች፤ ግን ለወላጅ ስም የሚያወጣው በኩሩ ነውና የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ሰንበቴ ያን ስም እንደ ደህና ነጠላ ለበሰችው። ጤና ረዳት ስለነበረች ከሥራ ስትመለስ ከየአጥሩ ይጠሯታል። “ሀዳ ቦዔዝ፣ ልጄን ትኩሳት ይዞታል።” “ሀዳ ቦዔዝ፣ እግሬን እይልኝ።” እሷም አቤት እያለች ትገባለች። ጥሪው ሲበዛባት ታማርር ነበር። ሰው በእጁ ሳለ የሚያማርርበትን ነገር ሲያጣው ምን ያህል እንደሚናፍቀው የሚነግረው የለም፣ ቢነግሩትም አይሰማም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእሷ ግን ልጇ በሕይወት እያለ ጠፋ። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነም፤ እንዲያው ቀስ እያለ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ሆነ።

ቦዔዝ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ወፍራም ድምፅ ነበር። እሱ ከኋላ ቆሞ ሲያዜም የፊተኞቹ ስህተት አይሰማም ይባልለታል። ማትሪክ ሳይመጣለት ሲቀር ከጓደኞቹ ጋር ወርቅ ወዳለበት፣ ከአሶሳ ወደ ሰሜን ወዳለው ቆላ ወረደ። ወርቅ የሚቆፈርበት ጉድጓድ ጠባብ ነው፤ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ ነው የሚገባው። አፈሩ ተደርምሶ ከውስጡ ያልወጣ ሰው እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ከመውረዳቸው በፊት ሐሺሽ ያጨሳሉ። ፍርሃት ያስለቅቃል ይላሉ፣ አልዋሹም፣ ያስለቅቃል። ችግሩ ፍርሃቱ ለቆ ሲሄድ ሐሺሹ ቦታውን ይዞ መቅረቱ ነው።

ቦዔዝ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወፍራሙ ድምፁ ሻክሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሱሪው በገመድ ታስሮ ነበር። ባምባሲ ክፉ ከተማ አይደለችም፤ ሲራብ አብልታዋለች። ግን እሱ ሲያልፍ ሴቶች የተሰጣ ልብሳቸውን ሰበሰቡ፣ ባለሱቆች እጃቸውን መሳቢያው ላይ አደረጉ። ልጆች “ጫሹ መጣ” እያሉ መንገድ አቋርጠው ሮጡ። መዘምራኑ ሽማግሌ ልከው እስኪታረም ድረስ መታገዱን ነገሩት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቱ ዱሬሳ ነበር። ዱሬሳ እህል ነጋዴ ነው፣ ቃሉ እንደ ሚዛኑ የታመነ ሰው። ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ “የዚህን ልጅ ስም በዚህ ቤት አልስማ” አለ። ከዚያ በኋላ እሱም አላነሣውም።

ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ አንድ ጠዋት ሰንበቴ ለሥራ ስትጣደፍ ቦዔዝ ከጓሮ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ሸሚዙን ያጥብ ነበር።

“ቦዔዝ፣ ምሳህን ከድኜ አስቀምጬልሃለሁ” አለችው።

ቀና ብሎ ሳቀ። እናቱን እንደ ወለጋ ልጅ አዮ ነው የሚላት። “አዮ፣ ስሜን የምትጠሪው አንቺ ብቻ ቀረሽ።”

“ስምህን ማን ሊወስድብህ ነው?” አለችው እየሄደች። ቀልድ መስሏት ነበር። ስትመለስ ምሳው እንደተከደነ ነው፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ሸሚዙም ከገመዱ ላይ የለም። ያን ቀን ቆማ ብታወራው ኖሮ ይቀር ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ስንቴ እንዳነሣችውና እንደጣለችው እሷም አታውቀውም።

ከሄደ በኋላ ጎረቤት አዘነላት። ማዘኑ ነው ነገሩን ያበላሸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አንዲት ደግ ሴት እጇን ያዝ አድርጋ፣ “ሀዳ ጋዲሴ፣ አይዞሽ” አለቻት። ቁስሏን ላለመንካት ነው። ሰንበቴ መጀመሪያ ማንን እንደምትጠራ አልገባትም። ሁለተኛ ስትጠራት ግን፣ ሰው አዝኖልሽ ሲጠራሽ ዝም ማለት ነውር ነውና፣ “አቤት” አለች። አለቀ። ከሳምንት ሳምንት ሁሉም ሀዳ ጋዲሴ አላት፤ ባሏም በገበያ አባ ጋዲሴ ሆነ። ቦዔዝ ከዚያ ቤት እንዳልተወለደ ሆነ። እሷም እያንዳንዱን አቤት ስትል ከልጇ ትንሽ እንደቆረሰች አልታወቃትም።

ያኔ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ላይ የሚከፈተው መሥሪያ ቤት የሚሰቀለውን ሰሌዳ አይጠብቅም፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ስም ይጻፍበታል። ሰው የሚፈለግበት ጊዜ ነበርና ሰንበቴም እዚያው አሶሳ አንድ ትንሽ የጤና ማኅበር ውስጥ የትምህርት ባለሙያ ሆና ተቀጠረች። በአስተማሪዎች ኮሌጅ ከምትማረው ከጋዲሴ ጋር ክፍል ተከራይታ ትሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ባምባሲ ትሳፈራለች። አሶሳ ላይ ወይዘሮ ሰንበቴ ናት። ስለ ልጆቿ የጠየቃት ቢኖር “አንዲት ልጅ ኮሌጅ አለችኝ” ትላለች። ውሸት አይደለም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችው ግማሹ ነው።

የማኅበሩ አስተባባሪ ታፈረ የድባጤ ሰው ነው፣ ችኩልና ለሥራው የሚሟሟት። ቤት የሚመታ መፈክር ካገኘ ምሳ ይረሳል። ወጣቱን ከሱስ የሚያርቅ ዘመቻ እንዲነደፍ ሲወሰን በማግስቱ ሥዕል አሠርቶ መጣ። ሥዕሉ የራስ ቅል ነው፤ ከጥርሱ መካከል ጭስ ይወጣል። ሥሩ ላይ “ሱስ ገደል ነው፣ ሱሰኛም ጠላት ነው” ይላል።

“እንዴት ነው ወይዘሮ ሰንበቴ?” አላት ደረቱን ነፍቶ።

እሷ ሥዕሉን ረዘም አድርጋ አየችው። “ያስፈራል።”

“እንዲያስፈራ አይደል!”

“ገና ያልጀመረውን ያስፈራው ይሆናል። የጀመረው ሲያየው ምን ያደርጋል?”

“እሱም ይፈራል።”

“የፈራ ሰው ምን ያደርጋል አቶ ታፈረ?”

“ይሸሻል” አለ ታፈረ፤ ካለ በኋላም ሥዕሉን መልሶ አየው።

“ወዴት ነው የሚሸሸው? ወደ ጤና ጣቢያ ነው ወይስ ከጤና ጣቢያ?”

ታፈረ ችኩል ነው እንጂ ግትር አይደለም። የራስ ቅሉን ጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ ላይ ጣለውና፣ “እንግዲያው እርስዎ ይንደፉት” አላት። እንዲህ ብሎ መቀየሙ ነው ብላ ብትጠብቅም ሻይ አዞላት ስለ ሌላ ነገር አወራ።

ሰንበቴ ብዙ ወረቀት አበላሸች። “ሱሰኛ አትበሉት” ብላ ጻፈች፤ ታዲያ ምን እንበለው ቢሏትስ? “ሱስ በሽታ ነው” ብላ ጻፈች፤ እውነት ነው፣ ግን ባምባሲ ላይ በሽተኛም ይሸሻል። የምታየው ሥዕል ሁሉ ከዓይኗ ሥር ወደ አንድ ሰው ይለወጥባታል፤ ከማንጎ ሥር ሸሚዝ ወደሚያጥብ ልጅ። ናፍቆት ሲጠናባት ሸሚዙን ራሱን ትናፍቅ ነበር፤ የግራ እጅጌው ቁልፍ የተተከለው በእሷ እጅ፣ በሌላ ቀለም ክር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳታስበው፣ “ስሙን ጥሩት” ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ። ቃሉ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ለማንም አልተናገረችም።

ታፈረ ሲያየው እንደ ልማዱ ቤት ሊያስመታው ፈለገ፤ ሳይሆንለት ሲቀር “ስሙን ጥሩት፣ ይመለሳል” ይባል አለ።

“ለመመለሱ ማን ዋስ ይሆናል?” አለችው ሰንበቴ። ድምፅዋ እንዴት እንደተለወጠ እሷም ሰማችው።

ስለዚህ “ስሙን ጥሩት” ብቻ ሆነ። ሥዕሉ ላይ ሐሺሽ የለም፣ ጭስ የለም፣ የከሳ ሰው የለም። አንዲት ሴት ከደጃፍ ቆማ በመዳፏ ፀሐዩን ከልላ መንገዱን ትመለከታለች። ሠዓሊው የሴትየዋን ፊት ማን ላስመስለው ብሎ ቢጠይቃት፣ “ማንንም አታስመስላት” አለችው። እሱ ግን ከፊቱ የተቀመጠችውን እያየ ሣላት። ሰው ሁሉ ሲያይ ይስቃል፤ እሷ ብቻ አይመስለኝም አለች።

ፖስተሩን በየወረዳው የሚያደርሰው የማኅበሩ ሾፌር ጁምዓ ነው። ጁምዓ የበርታ ሰው ነው፣ ሰባት ዓይነት መንገድ ያውቃል፣ አማርኛው ላይ ግን ሴት የሚባል ፍጥረት የለም፤ እናቱንም ሚስቱንም ሰንበቴንም “አንተ” ነው የሚለው። ሰንበቴ መጀመሪያ ልታርመው ሞክራ ነበር፤ ኋላ ግን ደስ ይላት ጀመር። ጁምዓ ፖስተሩን ወርቅ ሰፈር ድረስ ወስዶ ከሻይ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። “ወላሂ ሁሉ ሰው አንተን አየ፤ ይሄ ሴትዮ ማነው አለኝ” አላት።

“አንተስ ምን አልካቸው?”

“ባምባሲ ገበያ ላይ ይናገራል፣ መጥታችሁ ስሙ አልኩት።”

እሷ ስቃ አለፈች። ወርቅ ሰፈር ውስጥ ማን ሊሰማው እንደሚችል አሰበች፣ ግን እንዲህ ያለ ተስፋ ማሰብ ራሱ አደከማትና ተወችው።

የባምባሲ ገበያ ቀን ደረሰ። መኪናው ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮ ከበቆሎና ከሰሊጥ ተራው መካከል ቆመ። ማንጎ የጫኑ አህዮች፣ ቀርከሃ የተሸከሙ ሴቶች፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ከበበ። ዱሬሳ አልመጣም፤ ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ይሆናል፣ ከዚያ ይሰማል። ሰንበቴ የመናገሪያውን እጀታ ይዛ ከመኪናው ላይ ወጣች። ይህ ንግግር የሥራዋ ብቻ አይደለም፤ ከተማዋ ልጇን መልሳ ልትጠራው ትችል እንደሆነ የምታይበት ቀን ነው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ኦልጅራ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሁሉን ዘመድ አድርጎ የሚያስተዋውቅ ሰው፣ ከታች ሆኖ ጮኸ። “አሁን የምትናገረው የራሳችን እናት ናት! ከእጇ ያልታከመ ማን አለ? ሀዳ ጋዲሴ!”

“አቤት” አለች ሰንበቴ።

እጀታው ከአፏ አጠገብ ነበርና አቤትዋ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ገበያውን ሁሉ ሞላው። ማንም ልብ አላለም። እሷም ልብ አላለችም። ከዚያ ንግግሯን ቀጠለች፤ መቼም እንደዚያ ቀን ተናግራ አታውቅም። ሰው በሠራው ጥፋት ይጠየቃል እንጂ በስሙ ምትክ በተለጠፈበት ነገር መጠራት እንደሌለበት ተናገረች። ጫሽ፣ ዱርዬ፣ ሱሰኛ የምንለው ልጅ ገንፎው ተበልቶ ስም የወጣለት መሆኑን ተናገረች። “ቤት ውስጥ ስሙ ካልተጠራ በየት በር ይገባል?” ስትል አሮጊቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ታፈረ እጁን አጨብጭቦ ሊጨርስ ነበር።

ማታ ራት ቀርቦ ጋዲሴ እንጀራውን በጣቷ ትነካካለች እንጂ አትበላም። ዱሬሳ ከመስኮቱ አጠገብ የፋኖሱን ብርጭቆ ይወለውላል።

“ንግግሬ አልተመቸሽም እንዴ?” አለቻት እናትዋ።

“ደግ ነበር፣ አዮ።”

“ታዲያ ምን ሆንሽ?”

ጋዲሴ አባቷን አየት አደረገች። ከዚያ በዚያ ቤት ለሦስት ዓመት ያልተሰማውን ስም አነሣች። “ቦዔዝ እዚያ ነበር።”

ሰንበቴ ቁራሹን ከእጇ አስቀመጠች።

“ከሰሊጥ ከረጢቶቹ አጠገብ፣ አይሱዙው ጥላ ሥር” አለች ጋዲሴ። “ፎጣ ጠምጥሟል። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ያንቺን ፖስተር አይቶ፣ ትናገራለች ሲሉት ሰምቶ፣ ከጭነት ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው። አንቺ መኪናው ላይ ስትወጪ ፊቱ በርቶ ነበር፣ አዮ። ከዚያ ኦልጅራ ሲጠራሽ…”

“ሲጠራኝ ምን?”

“አቤት አልሽ።”

ዱሬሳ ፋኖሱን መወልወሉን ተወ።

“ሮጬ ደረስኩበት” አለች ጋዲሴ፣ አሁን እያለቀሰች። “ሳመኝ። ‘እንኳን ደስ አለሽ፣ በኩር ሆንሽ’ አለኝ። አልተቆጣም። ሳቅ ብሎ ነው። ከዚያ አይሱዙው ተነሣ፣ ተንጠላጠለ፣ ሄደ። እኔ ያን ስም ጠይቄ አላውቅም፣ አዮ። አንቺን በእኔ ስም በጠሩሽ ቁጥር የሰው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።”

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሰንበቴ የሰውን ሁሉ ልጅ ስሙን ጥሩት ስትል ውላ፣ የራሷ ልጅ ስሙ ተፍቆ፣ ተፍቆም በእናቱ አፍ ጸድቆ ሰማ። ደግሞ በድምፅ ማጉያ። አልጮኸችም። ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣችና ማንጎው ሥር፣ እሱ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልጇን እንዲህ ናፍቃው አታውቅም። ሲሄድ የናፈቀችው የጠፋ ልጅ ነበር፤ አሁን የምትናፍቀው እስከ ደጇ መጥቶ የተመለሰውን ነው፣ ይህኛው ይብሳል። ዱሬሳ ሲቆይባት ወጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

ሰኞ ዕለት ታፈረ ቢሮ ገባች። “መኪናውን ወደ ወርቅ ሰፈር እፈልገዋለሁ” አለችው።

“በዕቅዱ ላይ የለም እኮ ወይዘሮ ሰንበቴ።”

“ልጅ አለኝ” አለችው።

“አውቃለሁ፣ ኮሌጅ ያለችው…”

“ወንድ ልጅ አለኝ። በኩሬ ነው። ቦዔዝ ይባላል። ሐሺሽ ያጨሳል፣ የት እንደሚያድር አላውቅም። ይኸን ሁሉ ጊዜ ከእርስዎ ጋር ስሙን ጥሩት እያልኩ ስሠራ፣ በዚህ ቢሮ አንድ ቀን ስሙን አልጠራሁም።”

ታፈረ መፈክር አልፈለገም፤ የመኪናውን ቁልፍ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት። “ከጁምዓ ጋር ሂጂ እህቴ” አላት፣ አንቱታውን ረስቶ። እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ጋር የተዛመደች መሰላት።

ወርቅ ሰፈሩ ቀይ አፈር ተገልብጦ የተተወበት ቆላ ነው። ጭቃ የተቀቡ ወጣቶች ከየጉድጓዱ ወጥተው መኪናውን ከበቡ። ሰንበቴ እጀታውን ያዘች። ማንም እስኪያስተዋውቃት አልጠበቀችም።

“ሀዳ ቦዔዝ እባላለሁ” አለች። “ከባምባሲ ነው የመጣሁት።”

ሌላ ነገር ልትናገር አዘጋጅታ ነበር፤ ቃሉ ግን እንደወጣ ሌላውን ተወችው። ያን ስም በራሷ አፍ ስትሰማው ቆይቶ ከሩቅ አገር እንደመጣ ዘመድ ሆነባት። ጁምዓ መኪናውን ትንሽ እያስኬደ ያቆማል፤ እሷም በቆመችበት ሁሉ ያንኑ ትላለች። ሀዳ ቦዔዝ ነኝ። ሀዳ ቦዔዝ ነኝ። አንድ ልጅ እግር ቀርቦ፣ ቦዔዝ የሚባል ሰው ነበር፣ ድምፁ ወፍራም፣ ባለፈው ሳምንት ወደ ሌላው ወንዝ ተሻግሯል አላት። ስለ ወፍራም ድምፅ ሲነግራት፣ እዚያም ዘፍኖ ያውቃል ማለት ነው ብላ አሰበች። በዚህች ትንሽ ነገር እስኪመለሱ ድረስ ስትጽናና መጣች።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ንግግሯን የምትጀምረው በዚያው ነው። ባምባሲ ላይ ደግሞ ሀዳ ጋዲሴ ሲሏት መልስ መስጠት ተወች። ሁለቴም ይጥሯት ሦስቴም፣ ሽንኩርቷን ትመርጣለች። “ደመወዝ አኮራት” አሉ። ያች መጀመሪያ ስሙን የለወጠችው ደግ ሴት ተቀይማ ወር ያህል ሳትዘጋት አልቀረችም። ሰንበቴን ከደግ ሰው መቀያየም አሳዘናት፣ ግን ከፋም ለማም አቤትዋን ለሌላ ላለመስጠት ቆርጣለች።

አንድ ቅዳሜ ከመኪና ወርዳ በዱሬሳ መጋዘን በኩል ስታልፍ፣ ኦልጅራ ከደጃፉ ቆሞ ይጣራል።

“አባ ጋዲሴ! አባ ጋዲሴ! በቆሎው ስንት ገባ?”

ዱሬሳ ከሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብሏል። ጆሮው ደህና ነው፤ የዝናብ ጠብታ በየትኛው ቆርቆሮ ላይ እንዳረፈ የሚለይ ሰው ነው። ከረጢቱን ፈታ፣ አሰረ፣ ሌላውን ፈታ። ኦልጅራ ግራ ተጋባ። ሰንበቴን ዘወር ብሎ አያት፤ ከዚያ ባሏን አየ፤ ገባው መሰለኝ፣ ባርኔጣውን ነካ አደረገ።

“አባ ቦዔዝ?” አለ ቀስ ብሎ።

“አቤት” አለ ዱሬሳ፣ ቀና ሳይል። አንዴ የመዘነውን ከረጢት ግን መልሶ ሚዛኑ ላይ ጫነው። ሰንበቴ ይህን አይታ፣ ልጄን የምናፍቀው እኔ ብቻዬን ነኝ እያለች ባሏን ስትፈርድበት መኖሯን አሰበች። ብቻዋን አልነበረችም፤ እሱ የሚናፍቀው አፉን ዘግቶ ነው።

ቦዔዝ ግን አልመጣም። ዝናቡ ገባ፣ ማንጎው አበበ፣ ጎመራ። ሸሚዝ የሚሰጣበት ገመድ ባዶውን ይወዛወዛል። በየሳምንቱ አንድ ሰው አየሁት ይላል፤ በየሳምንቱ ሌላ ሰው ነው ይሆናል።

አንድ ጠዋት አሶሳ፣ ሰንበቴ የማኅበሩን ግቢ ስትገባ፣ ጁምዓ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ይጨምራል። ሲያያት ጀሪካኑን አስቀመጠ።

“ልጅህን አገኘሁ” አላት።

እሷ የግቢውን በር ያዘች።

“ከሲታ ነው” አለ ጁምዓ። “ግን ሀምዱሊላህ፣ ይሄዳል፣ ይበላል። ከእኔ ጋር ሻይ ጠጣ።”

“ይመጣል? እመጣለሁ አለህ?”

ጁምዓ ውሸት አይችልም። እጁን በጨርቅ ጠረገ። “እመጣለሁ አላለም። አልመጣም ደግሞ አላለም።”

“ታዲያ ምን አለህ?”

“ገበያ ላይ ሰው ይነግረዋል፤ እናትህ በየቦታው እንዲህ ይላል፣ እንዲህ ይላል ይሉታል። ዝም ብሎ ይሰማል። እኔ መኪና ሳስነሣ በመስኮት መጣ። ‘ሀዳ ቦዔዝን ሰላም በልልኝ’ አለኝ። ከዚያ ሄደ።”

“እንዴት ብሎ?” አለች ሰንበቴ። “እሱ ራሱ ነው ያለው? እናቴን አይደለም ያለህ?”

“እናቴ አላለም። ወላሂ።” ጁምዓ የመስኮቱን ጠርዝ እንደያዘ ሰው እጁን አነሣ፤ ድምፁንም ወፈር አደረገው፤ የሰማውን እንደሰማው ለማድረስ። “‘ሀዳ ቦዔዝ’ አለኝ።”

ሰንበቴ ፊቷን ወደ ሰሜን ወደሚወስደው መንገድ አዞረችና፣

“አቤት” አለች።